ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ወረቀት

ኮምቦልቻ ወንድሜ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የመጣው ሰው ሁሉ "ቤሩት ምን ስትሠሪ ኖርሽ?" ይለኛል። "ድንኳን" እላለሁ። ይስቃሉ። ቤት ጠረግሁ፣ ልብስ ተኮስኩ፣ አሮጊት ጠበቅሁ እንድላቸው ነው የሚፈልጉት። እሱንም አድርጌያለሁ። ግን እጄ የለመደው ሥራ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ወላሂ ድንኳን ነው። ድንኳን ማድረቅ፣ የመኝታ ከረጢት ማናፈስ፣ የተራራ ጫማ ጭቃ ማራገፍ፣ ገመድ መጠቅለል፣ ለሰው ሁሉ የሁለት ቀን ስንቅ ማሰር። አሥራ ሁለት ዓመት።

ሥራውን ከተውኩ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው፤ እጄ ግን አላረፈም። ባለፈው ሰሞን የወንድሜ ሚስት የባሏን የዝናብ ጃኬት በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፋ አየኋትና ጮህኩባት። ልጅቷ ደነገጠች፣ አኮረፈች። እኔም አፈርኩ። ለምን እንደጮህኩ ላስረዳት ቁጭ ብዬ ብጀምር አላልቅ አለኝ፤ ስለዚህ ልጽፈው ብዬ ደብተር ገዛሁ።

ቤሩት የገባሁት በፈረንጆቹ የ2006ቱ ጦርነት ካቆመ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ማዳሜ ሰልማ ትባላለች፤ መዝረዓ የሚባለው ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ፋርማሲ የሠራች፣ ንጽሕና የሚያሳብዳት ሴት። ነጭ ካልሆነ አልታጠበም፣ ካልሸተተ አልጸዳም ባይ ናት። ባሏ ሙሴ ናዲም ናቸው። እዚያ ያለን ሴቶች የቤቱን ጌታ ሙሴ ነው የምንለው። እሳቸው ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ነበሩ። ስለ ደሞዝና ኢቃማ ስለሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አላወራም፤ እሱን ከቤሩት የተመለሰ ሁሉ ያወራዋል።

ሙሴ ጡረታ ሲወጡ እንደ እኩዮቻቸው ካርታ ሲጫወቱ መዋል አልሆነላቸውም። የከተማ ሰው ሰብስበው ዓርብ ዓርብ ወደ ጁርድ ይወጣሉ። ጁርድ የሚሉት በሰሜን፣ ሄርሜል ከምትባለው ከተማ በላይ ያለው ደጋ ነው። መንገዱ ያልቅና ትራክተር ይጀምራል፣ ትራክተሩ ያልቅና እግር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሰው የለም፤ አልፎ አልፎ ፍየል ጠባቂ ካልሆነ። ቤቱ ሥር ያለውን ጋራዥ የዕቃ ክፍል አድርገውት ነበር። መጀመሪያ መጥረግ ብቻ ነበር ሥራዬ። በኋላ አንድ ቀን አልሄድ ያለ ዚፕ በሻማ አሽቼ እንደ ቅቤ ሳስኬደው አዩኝና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ማዳሜ "ያኒ ሠራተኛ ያመጣሁት ለድንኳን ነው?" ብላ ለሳምንት ፊት ነሳቻቸው።

ሥራውን ያስተማሩኝ በአፍ አይደለም። እሑድ ሲመለሱ ጫማቸውን ጋራዡ በር ላይ ያወልቁና "የት ነበርን?" ይሉኛል። እኔ ጫማውን አገላብጬ አያለሁ። ጭቃው ቀይና የሚያጣብቅ ከሆነ ከወንዙ ሸለቆ ነው። እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ የማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ላይኛው ጁርድ ላይ ውለዋል። ድንኳኑ ስፌት ውስጥ የጥድ ቅጠልና ጠቆር ያለች ፍሬ ካገኘሁ፣ ልዛብ ከሚሏቸው ከእነዚያ ጥንታዊ ጥዶች ሥር ነው ያደሩት። ካወቅሁ ራሳቸውን አንዴ ይነቀንቃሉ። ከተሳሳትኩ ጫማውን አፍንጫዬ ሥር ያመጡና "ደግመሽ አሽቺ" ይላሉ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድም ቀን ያላየሁትን አገር ምንጩን፣ ገደሉን፣ በረዶ በበጋ የማይቀልጥበትን ትልልቅ ጉድጓድ ሳይቀር ለየሁት።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሰው በዓይናቸው አይቆጥሩም። ከመውጣታቸው በፊት አንድ በአንድ ትከሻ እየነኩ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ይላሉ። ሚኒስትርም ቢሆን ይነኩታል። ከዚያ ሁለት ወረቀት ይጽፋሉ፤ ማን ማን እንደሄደ፣ የት እንደሚያድሩ፣ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ስልክ እንደሚደውሉ፣ ካልደወሉ ደግሞ ለማን እንደሚደወል። አንዱን ኪሳቸው ይከታሉ። አንዱን ጋራዡ በር ውስጥ ካለው ሚስማር ላይ ይሰቅላሉ። ልጅ ሳለሁ ቁርአን ስለቀራሁ የዓረብኛውን ፊደል አነበዋለሁ፤ ትርጉሙ ላይ ነበር የምደናቀፈው። ማንበቤን ሲያውቁ ወረቀቱ በእኔ ኃላፊነት ሆነ። ትእዛዛቸው አጭር ነበረች።

"ሰዓቱ ሲያልፍ መጀመሪያ ጫማሽን አድርጊ። ከዚያ ደውዪ። ይመጡ ይሆናል ብለሽ አትቀመጪ።"

"ለስልክ ጫማ ምን ያደርጋል?" ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ባዶ እግሩን ያለ ሰው ትንሽ ልጠብቅ ይላል፣ ጫማ ያደረገ ሰው ግን ተነሥቷል አሉኝ።

ዓርብ ሄደው እሑድ እስኪመለሱ ያለው ጊዜ፣ አላህ ያውቃል፣ እንዴት እንደሚረዝም። ማዳሜ እህቷ ቤት ትሄዳለች፤ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች። ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ጎረቤት ሲስቅ እሰማለሁ። እነዚያን ሰዎች አስባቸዋለሁ። ማንም የማይኖርበት ተራራ ላይ ሆነው እንኳ የት እንዳሉ የሚያውቅ፣ ሰዓታቸውን የሚጠብቅ ሰው አላቸው፤ እኔ። እኔ ደግሞ ሚሊዮን ሰው መሀል ሆኜ ብጠፋ በስንት ሰዓት እንደጠፋሁ የሚያውቅ የለም። እናቴ ከሄድኩ በዓመቱ ሞታለች፣ ወንድሜ ያኔ ትንሽ ነበር። ይሄ ነገር አንጀቴን ይበላኝ ነበር። በሩ ሳይቆለፍ ወረቀቱን ከሚስማሩ አውርጄ ይዤው ወደ ላይ እወጣለሁ፤ አንዳንዴ ስም ዝርዝሩን አነባለሁ፤ ከታች ባዶውን መስመር በጣቴ እነካዋለሁ።

ጥፋቱ የደረሰው በአራተኛ ዓመቴ፣ በረዶው ቀለጠ አልቀለጠ በሚባልበት ወቅት ነው። ሙሴ ባሕር ማዶ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ለሁለት ሳምንት ሄደው ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ባደረጉት ጉዞ በዝናብ ምክንያት ፍየል በረት ውስጥ ስለተጠለሉ፣ ሦስት የድንኳን ልብስና ጃኬቶቹ ሁሉ ፍየል ፍየል፣ ጭስ ጭስ ይሸቱ ነበር። ሽታው በደረጃው ወጥቶ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። ማዳሜ አፍንጫዋን ይዛ "ዛህራ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ። ዘሐራ ማለት አይሆንላትም ነበር። ሙሴ ድንኳን ሲያጸዱ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻ ነው። እኔ በሆዴ "የወንድ አስተጣጠብ" እል ነበር። አራት ዓመት ማዳሜ እጅ ላይ የሠለጠንኩ፣ አንሶላ እንደ ወረቀት የማነጣ ሴት ፍየል የሚሸት ነገር ጠቅልዬ ላስቀምጥ?

ሙቅ ውሃ ሞላሁ። ዱቄት ሳሙና ጨመርኩ። ከማዳሜ መደርደሪያ ደግሞ አበባ አበባ የሚሸተውን የልብስ ማለስለሻ ቀድቼ አፈሰስኩበት። ሳሽ ሳሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነገር እየተላቀቀ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። የቆየ ቆሻሻ መሰለኝና ደስ አለኝ፤ ሙልጭ እስኪል አለቀለቅሁት። ጣሪያው ላይ በውሃ ጋኖቹ መሀል ስሰቅለው እንደ አዲስ ነበር። ማዳሜ ወጥታ አየችና ሳቀች፣ "ሜርሲ" አለችኝ። አጣጥፌ ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩ። ሙሴ ሐሙስ ተመለሱ፣ ዓርብ ስምንት ሰው ይዘው ወጡ። ከረጢቱን አልከፈቱትም፤ የእኔን ሥራ ከፍተው ማየት ከተው ቆይተዋል።

ወረቀቱ "እሑድ አሥር ሰዓት" ይላል በእኛ አቆጣጠር። መዝረዓ ፀሐይ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ሆነ፣ አሥር ሆነ። ስልኩ ዝም። ከቤት ስለማልወጣ ከላስቲክ ነጠላ ጫማ በቀር ጫማ የሚባል አልነበረኝም፤ እሱን አደረግሁና ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ። ትራክተር ያለው አቡ ሐሰን የሚባል የመንደር ሰው ነው። ከትናንት ጀምሮ እታች ዝናብ፣ እላይ በረዶ እንደሆነ ነገረኝና፣ ተንሸራተው ዘግይተው ይሆናል፣ አንድ ሰዓት እንጠብቅ አለኝ። በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣

"ሰዓቱ አልፏል። ጫማህን አድርግ" አልኩት።

ማን እንደሆንኩ እንኳ አላወቀም። ግን አደረገ። ዘጠኙንም፣ ድንኳኖቻቸው ውሃ አስገብተውባቸው፣ አንድ የፍየል ጠባቂ የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ተፋፍገው አገኛቸው። ሰባቱ ደህና ናቸው። ሩላ የምትባል የትምህርት ቤት አስተማሪ መናገር አቅቷት ትንቀጠቀጣለች። ሙሴ ደረቅ ካልሲያቸውንና ደረቅ የመኝታ ከረጢታቸውን ለእሷ ሰጥተው ራሳቸው እርጥብ ጫማ ውስጥ ነበሩ። ሆስፒታል ሲደርሱ ከግራ እግራቸው ብርዱ የበላው ሁለት ጣት ተቆረጠ።

እኔን ሁሉም አመሰገኑኝ። በሰዓቱ ባትደውል ኖሮ አሉ። ማዳሜ አቅፋኝ አለቀሰች። ሙሴ ሆስፒታል ሆነው ድንኳኖቹ አርጅተው ነው ብለው ለሰው ሁሉ ነገሩ፤ ኸላስ፣ ነገሩ በዚያ ተዘጋ። እኔ ግን እርጥቡን ዕቃ ጣሪያው ላይ ሳሰጣ ከጋኑ የሚንጠባጠበው ውሃ በአንዱ ድንኳን ላይ ሲወድቅ አየሁ። ጠብታው ቁጭ አላለም፤ ጨርቁ ጠጣው። ያላጠብኩት አሮጌው ድንኳን ላይ ደግሞ እንደ ዶቃ ተንከባልሎ ወረደ። ጨርቁን አነሣሁ፤ ገና አበባ አበባ ይሸታል። ያን ቀን ቆሻሻ ብዬ ሙልጭ አድርጌ ያላቀቅሁት፣ ዝናብ የሚከለክለው ልባስ ነበር።

ሁለት ሳምንት ያዝኩት። እንቅልፍ የለኝ፣ ምግብ የለኝ። ብናገር ማዳሜ ወደ ኤጀንሲው እንደምትመልሰኝ አውቃለሁ፣ ቁልፉም እንደሚወሰድ አውቃለሁ። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን ያንን ወረቀት ማጣት ነው። ሰው ሕይወቱን አምኖ ሚስማር ላይ የሚሰቅልልኝ ነገር በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነበር። ሙሴ ቤት ከገቡ በኋላ አንድ ጠዋት ሻይ ይዤ ገባሁ። ትሪውን እስካስቀምጥ እንኳ አልጠበቅሁም።

"ሙሴ፣ ድንኳኖቹ አላረጁም። እኔ ነኝ በሙቅ ውሃና በሳሙና ያጠብኳቸው።"

"አውቃለሁ። ዝናቡ ሲገባ አበባ ነበር የሚሸተው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺን እየጠበቅሁ ነበር።" የታሸገ እግራቸውን አዩት፣ ከዚያ እኔን። "እንዳታጥቢ አልነገርኩሽም፤ ግማሹ የእኔ ነው። ግማሹን ግን አልወስድልሽም። ያንቺ ነው፣ ያዥው።"

አልቆጡኝም፣ ይቅርም አላሉኝም። ለማዳሜም አልነገሩ። ያ በጋ ከሥራ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። የት ነበርን ብለው ጫማ ይዘው መጠየቁም ቀረ፤ ጫማ ያደረጉበት ጉዞም አልነበረም። በሕይወቴ እንደዚያ በጋ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የመስከረም ማለቂያ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲሸት፣ "ዓርብ ትወጫለሽ" አሉኝ። ማዳሜ "ብትጠፋስ?" አለች። ሙሴ ወረቀቱን አሳዩዋት። ዘጠነኛው መስመር ላይ ዘሐራ ይላል። በትክክል ነው የጻፉት። ሚስማሩ ላይ ሲሰቅሉት ቆሜ አየሁ። የዚያን ሳምንት ስልኩን ማዳሜ ጠበቀች።

ጋራዡ በር ላይ ትከሻዬን ነኩና "ዘጠኝ" አሉ። በመንገዱ፣ ሐጀዝ በሚሉት ኬላ ላይ፣ ወታደሩ መኪናው ውስጥ አጮልቆ ሠራተኛ ናት ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ "የዕቃ ኃላፊያችን ናት" አሉት። ወታደሩ ኢቃማዬን አይቶ መለሰልኝ። እንግዲህ እዚያ አገር ማዕረግ ያገኘሁት በዚያች ደቂቃ ነው።

ጁርድን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ጥዶቹ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ተራርቀው የቆሙ ናቸው፤ አንዱን ነክቶ ወደ ሌላው ለመድረስ መሄድ አለ። መሬቱ ነጭ ድንጋይ ነው፣ እኔ ለአራት ዓመት ከጫማ ላይ ያራገፍኩት ያ ዱቄት። ጎንበስ ብዬ ዘገንኩትና ብቻዬን ሳቅሁ። በበጋ በረዶ የሚይዘውን ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጬ አየሁት፤ እታች ጥቁር ነገር የለበሰ የአምና በረዶ አለ። ከሩቅ የፍየል ደወል ይሰማል፣ ከዚያ እሱም ይጠፋል። ቤት ውስጥ በየአምስት ደቂቃው "ዛህራ!" ይሉኛል። እዚያ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ ማንም አልጠራኝም። ሆዴ ባባና አለቀስኩ። ብቸኛ ነበርኩ፤ ግን ከተቆለፈው በር ውስጥ ካለው ብቸኝነት ይሄኛው ተሻለኝ።

ሲመሽ ሙሴ ለእኔ ያመጡትን ድንኳን አውጥተው ሰጡኝ። ካጠብኳቸው አንዱ ነው። ተቀብዬ ተከልኩት። ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ ስፌቱ አለቀሰ፣ ከዚያ ጨርቁ ሁሉ። መሀል ላይ ተኮራምቼ ጥርሴ እየተንገጫገጨ አነጋሁ። ያን ጊዜ ነው የሁለቱ ጣት ዋጋ የገባኝ። ሲነጋ ሙሴ እያነከሱ መጥተው በላስቲክ የታሰረ ደረቅ ካልሲ ወረወሩልኝ። ቋጠሮውን ስፈታ አወቅሁት፤ ጋራዡ ውስጥ ራሴ ያሰርኩት ነው። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ነበር። ጫማቸውን አንሥተው ሶሉን አሳዩኝና፣

"የት ነን?" አሉኝ።

"ላይኛው ጁርድ" አልኳቸው። ራሳቸውን አንዴ ነቀነቁ።

ከዚያ ወዲህ ጁርድን አላየሁትም። ማዳሜ አንዴ ይበቃል አለች። በኋላ ድንበሩ አካባቢ ችግር መጣ፣ ጉዞው ወደ ቅርቡ ተራራ ሆነ፣ ከዚያ በወር አንዴ፣ ከዚያ ቆመ። የሙሴ እግርም ከዕድሜያቸው ጋር እየባሰ ሄደ። እሑድ እንድወጣ ሲፈቀድልኝ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ፀጉር ቤት የምትሠራ አስካለ የምትባል የጎንደር ልጅ ተዋወቅሁ። ፀጉር ቤቱ የሚሰበሰቡት ያገሬ ሴቶች ማዳሞቻቸውን ሲያሙ እኔ ስለ ዚፕና ስለ ስፌት ሳወራ "እስቲ ይቺን ሰው ለአንድ ድንኳን ዳሯትና ትረፍ" ብላ ታስቃቸዋለች። እስቃለሁ፤ ግን ለማን ብዬ ስለዚያ ነጭ አፈር ልንገር? ማዳሜ በአሥረኛ ዓመቴ ሞተች። ከዚያ በኋላ ሙሴና እኔ በዚያ ሰፊ ቤት ሁለት ሆነን፣ ማንም የማይወስደውን ድንኳን በየወሩ እያወጣን ፀሐይ እናሳየው ነበር።

ባለፈው በጋ ዕቃው ለአንድ የወጣቶች ቡድን ተሰጠ። የእህታቸው ልጅ መጥታ አብራቸው ልትኖር ሆነ፤ እኔም ወደ አገሬ ልመለስ ተነሣሁ። ጋራዡን ጠርጌ ቁልፉን ላስረክብ ስወርድ ሙሴ ባዶው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ። ሁለት ወረቀት። አንዱን ሰጡኝ።

ዘሐራ። አንድ ሰው። ከቤሩት፣ በአዲስ አበባ አድርጋ፣ ኮምቦልቻ። ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትደውላለች።

ሁለተኛውን ተነሥተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። ሰርቪስ የሚሉት ታክሲ በር ላይ ጥሩንባ ሲነፋ ትከሻዬን ነኩ። "አንድ" አሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት እስከ ኻልዴ ድረስ አንገቴን ቀና አላደረግሁም።

ቅዳሜ አውቶቡሳችን ጣርማበር ላይ ተበላሸ። ስንት ሰዓት ቆምን! ኮምቦልቻ ስገባ ፀሐይዋ ተራራው ላይ ተቀምጣለች። ወንድሜ ሊያቅፈኝ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ "ስልክ!" አልኩት። መጀመሪያ መስመሩ እምቢ አለ፣ ሁለተኛም እምቢ አለ። በሦስተኛው ጠራ። አንዴ እንኳ ጠርቶ አልጨረሰም፣ አነሡት።

"ገባሁ፣ ሙሴ" አልኩ።

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሰማንያ ሊሞላቸው ምን ቀራቸው፣ ሁለት ጣት የላቸው፣ ከአልጋ ወደ በረንዳ በከዘራ ነው የሚሄዱት።

"እሺ" አሉ። "ጫማዬን ላውልቅ።"